ቼክ፣ ዕዳና የወንጀል ክስ፦ ጠበቃ ለደንበኛው ሊያደርግለት የሚችለውና የማይችለው

የጥያቄው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ጠያቂያችን በአዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው። ከሚያውቁት ሰው 400,000 ብር ተበድረው፣ የአንድ ዓመት ወለድ ተጨምሮበት 560,000 ብር የተጻፈበትን ቼክ ፈርመው በዋስትና መልክ ለአበዳሪው ሰጥተዋል፤ ከቼኩ ሌላ የተጻፈ የብድር ውል የለም። ዕዳውን ለማቃለል 150,000 ብር በባንክ፣ 50,000 ብር ደግሞ ያለ ደረሰኝ በእጅ ከፍለዋል። ዓመቱ ሲሞላ አበዳሪው ቼኩን ለባንክ አቅርቦ በቂ ስንቅ (በሒሳቡ ውስጥ ለክፍያው የሚበቃ ገንዘብ) የለውም ተብሎ ተመልሶለታል። አሁን የአበዳሪው ጠበቃ ስልክ ደውሎ በ10 ቀን ውስጥ 750,000 ብር ካልተከፈለ በወንጀል እንደሚያሳስራቸው ነግሯቸዋል፤ ይኸው ጠበቃ ከጥቂት ዓመታት በፊት የእርሳቸውን የንግድ ማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍ ያዘጋጀላቸው ሰው ነው። የራሳቸው ጠበቃ በበኩሉ ፊርማውን እንዲክዱ፣ ገንዘቡን በሙሉ በእጅ ሲከፍሉ አይተናል የሚሉ ሁለት ምስክሮችም እንዲያፈላልጉ መክሯቸዋል። ጠያቂያችን ማወቅ የፈለጉት ይህ ምክር ያዋጣ እንደሆነ፣ እውነቱን ሁሉ የነገሩት ጠበቃ ምስጢራቸውን አሳልፎ ይሰጥ እንደሆነ፣ የተቃራኒው ወገን ጠበቃ ማስፈራሪያ ሕጋዊ መሆን አለመሆኑን፣ እንዲሁም በወንጀሉ ነጻ ቢወጡ ዕዳው ይቀርላቸው እንደሆነ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመውን ላስቀድም። ፊርማውን አይካዱ፤ ምስክርም አያፈላልጉ። ምክሩን የሰጠዎት ሰው የጥብቅና ፈቃድ ያለው መሆኑ ምክሩን ሕጋዊ አያደርገውም፤ በችሎት ላይ የሚደርሰው ጉዳትም በዋነኛነት የሚያርፈው በእርስዎ ላይ ነው። በፍትሐብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2007 መሠረት በግል የተፈረመ ሰነድ የቀረበበት ሰው ፊርማው የእርሱ አይደለም የሚል ከሆነ ይህንኑ በግልጽ መካድ አለበት። ክህደቱ ሲመዘገብ ፍርድ ቤቱ ሰነዱን ለፎረንሲክ ምርመራ ይልከዋል፤ መርማሪዎቹም ቼኩን ባንኩ ከያዘው የፊርማ ናሙናና በችሎት ከሚሰጡት ናሙና ጋር ያስተያዩታል። ፊርማው በእርግጥ የእርስዎ ስለሆነ ውጤቱ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የታወቀ ነው። ያን ጊዜ የሚያጡት አንዱን የመከራከሪያ ነጥብ ብቻ አይደለም። ስለ ወለዱ፣ ስለ ተከፈለው 150,000 ብር፣ ስለ ሌላውም እውነተኛ ነገር ሁሉ የሚናገሩት ቃል ዳኛው ፊት ክብደቱ ይወርዳል፤ በፍትሐብሔር ክርክር ተከራካሪ ሆኖ ውሳኔን ለማሳሳት ሆን ብሎ ሐሰት መናገርም በወንጀል ሕጉ ራሱን ችሎ የሚያስቀጣ ድርጊት ነው።

የምስክሮቹ ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 453 በሐሰት መመስከር ወንጀል ነው፤ ምስክሩን ያዘጋጀው ሰውና ያስተባበረው ጠበቃም በአነሳሽነት ወይም በተባባሪነት ከመጠየቅ አይድኑም። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን እነዚህ ምስክሮች በፍትሐብሔሩ ችሎት አንዳች ፋይዳ የሌላቸው መሆናቸው ነው። በፍትሐብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት (ተከራካሪው ራሱ አምኖ በሰጠው ቃል) ወይም በመሐላ ብቻ ነው፤ የብድሩም መመለስ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሁለት እውነተኛ ምስክሮች እንኳ ቢኖሩዎት 400,000 ብር በእጅ መመለሱን በቃላቸው ለማስረዳት ሕጉ አይፈቅድላቸውም። በእጅ የከፈሉት 50,000 ብርም የሚያሳስበኝ በዚሁ ምክንያት ነው፤ እውነት ቢሆንም አበዳሪው ካላመነ ወይም ይህን የሚጠቅስ የተጻፈ ነገር ካልተገኘ ማስረዳቱ እጅግ ይከብዳል። ምናልባት ገንዘቡ መድረሱን የሚገልጽ የስልክ መልእክት ወይም ማስታወሻ ካለ ይፈልጉት። እንዲህ ያለው ሐቅ በእጅዎ እያለ የሐሰት ምስክር የሚያቀርብልዎት ጠበቃ ሥነ ምግባሩን ብቻ ሳይሆን ሕጉንም በቅጡ አላየውም ማለት ነው፤ ጠበቃዎን ለመቀየር ይህ ብቻ በቂ ምክንያት ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በጥንቃቄ መለየት አለበት፤ የጠያቂያችን ጉዳይ መፍትሔም በአብዛኛው የሚገኘው እዚህ ውስጥ ነው። በወንጀል ችሎት «ጥፋተኛ አይደለሁም» ማለትና በፍትሐብሔር ችሎት «አልፈረምሁም» ማለት አንድ አይደሉም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(2) የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት አለው፤ በአንቀጽ 20(3) ደግሞ የተከሰሰ ሰው በሕግ መሠረት ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመገመትና በራሱ ላይ እንዲመሰክር ያለመገደድ መብት አለው። ስለዚህ የወንጀል ተከሳሽ ጠበቃ ደንበኛው የነገረውን እያወቀ እንኳ ዐቃቤ ሕግ እያንዳንዱን የወንጀሉን ፍሬ ነገር እንዲያስረዳ ቢጠይቅ፣ የዐቃቤ ሕግን ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ቢፈትን፣ ማስረጃው አይበቃም ብሎ ቢከራከር ሐሰት አልተናገረም። ሕጉ የማስረዳቱን ሸክም የጣለበት ወገን ሸክሙን እንዲሸከም መጠየቁ ነው። ከዚህ አልፎ ሐሰት መሆኑን የሚያውቀውን ሰነድ ወይም ምስክር ካቀረበ ግን መስመሩን ተሻግሯል።

በፍትሐብሔር ክርክር ዝምታ ይህን ከለላ አያገኝም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 235 ተከሳሹ በክሱ ላይ ለተገለጸው ነገር ሁሉ በተናጠል መልስ እንዲሰጥ ያዛል፤ በዝርዝር ያልተካደ ነገር እንደታመነ ይቆጠራል። እንግዲህ ያው ሰው በያው ድርጊት ምክንያት በአንዱ ችሎት ዝም ማለት መብቱ፣ በሌላው ችሎት ዝም ማለት ዕዳው ይሆናል። ሁለቱን መዝገቦች አንድ ጠበቃ መያዙን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለት ጠበቆች ከያዟቸውም ሳይነጋገሩ አንዲት መስመር መጻፍ የለባቸውም። ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን የፍትሐብሔሩን መልስ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ በአንድ ሰዓት ማስጻፍ፣ የወንጀሉን ደግሞ መጥሪያ ሲመጣ ማሰብ ነው።

ይህ በእርስዎ ጉዳይ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። አበዳሪው ቼኩን ይዞ በፍትሐብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 284 መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊከስዎት ይችላል። በዚህ ሥርዓት ተከሳሽ እንደ ወትሮው መልስ ጽፎ አይገባም፤ መጀመሪያ የመከላከያ ፈቃድ እንዲሰጠው በቃለ መሐላ ማመልከት አለበት። ፈቃዱ ከተከለከለ የሚቀጥለው ፍርድ ነው። ስለዚህ ቃለ መሐላው የግድ ነው፤ እውነት መሆንም የግድ ነው። በፍትሐብሔሩ መዝገብ የገባ ቃለ መሐላ ነገ በዐቃቤ ሕግ የማስረጃ ዝርዝር ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ግን መዘንጋት የለበትም።

በቼክ ጉዳይ ነጋዴዎች ሁሉ የሚያነሱት መከራከሪያ ይታወቃል፤ «ቼኩን የሰጠሁት ለዋስትና ነው፤ በሒሳቤ ገንዘብ እንደሌለ አበዳሪውም ያውቅ ነበር» ይላሉ። ተናጋሪው ይህ የሚያድነው ይመስለዋል። የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 693 ያነበበ ጠበቃ ግን ይህችን ዓረፍተ ነገር ሲሰማ መደንገጥ አለበት። አንቀጹ የሚቀጣው በቂ ስንቅ እንደሌለ እያወቁ ቼክ ማውጣትን ነው፤ ቅጣቱም እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል፤ ለዋስትና የተሰጠ ቼክን ለይቶ ነጻ የሚያደርግ ቃል በውስጡ የለም። ስለዚህ «ገንዘብ እንደሌለ አውቅ ነበር» ብሎ በቃለ መሐላ ማስፈር ዐቃቤ ሕግ ሊያስረዳ የሚደክምበትን የሐሳብ ክፍል፣ ማለትም ድርጊቱ እያወቁ የተፈጸመ መሆኑን፣ በራስ እጅ ጽፎ መስጠት ነው። ጥሩ ጠበቃ እዚህ ላይ የሚያደርገው እውነቱን መለወጥ አይደለም። ለፍትሐብሔሩ ክርክር የሚያስፈልገውን እውነት ብቻ፣ በሚያስፈልገው መጠን ይጽፋል። የእርስዎ ቃለ መሐላ ሊል የሚገባው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከአበዳሪው የተቀበሉት 400,000 ብር መሆኑን፣ በቼኩ ላይ ያለው ቀሪ 160,000 ብር ወለድ መሆኑን፣ በባንክ 150,000 ብር የከፈሉ መሆኑንና የባንኩን ማስረጃ የሚያያይዙ መሆኑን ነው። በቼኩ ቀን በሒሳብዎ ምን ያህል ገንዘብ እንደነበረ፣ ምን እንዳሰቡ፣ ምን እንደተባባሉ ለዚህ ክርክር አያስፈልግም። የማያስፈልገውን አለመጻፍ መዋሸት አይደለም።

እዚህ ላይ ስሌቱን ማየት ይጠቅማል፤ ክርክርዎ ጠንካራ የሚሆነው በዚህ በኩል ነውና። በፍትሐብሔር ሕጉ አንቀጽ 2479 መሠረት በገንዘብ ብድር ተዋዋዮች ሊስማሙበት የሚችሉት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 አይበልጥም፤ መጠኑ በጽሑፍ ካልተወሰነ ከመቶ 9 ይታሰባል። የ400,000 ብር የአንድ ዓመት ወለድ በመቶ 9 ሲታሰብ 36,000 ብር፣ በመቶ 12 ቢሆን 48,000 ብር ነው። በቼኩ ላይ የተጨመረው 160,000 ብር ግን ከመቶ 40 ነው። ወለዱ በመቶ 9 ቢታሰብና በባንክ የከፈሉት ቢቀነስ በዓመቱ መጨረሻ የሚቀረው 286,000 ብር ገደማ ይሆናል፤ የተጠየቁት ደግሞ 750,000 ብር ነው። ቼኩ በመጀመሪያው አበዳሪ እጅ እስካለ ድረስ ይህን ክርክር ማንሳት ይችላሉ፤ ቼኩ በቅን ልቦና ለተቀበለ ለሌላ ሰው ከተላለፈ ግን ከአበዳሪው ጋር ያለዎትን የግል ጉዳይ በዚያ ሰው ላይ ማንሳት አይቻልም። ስለዚህ ጊዜ አያባክኑ።

ወደ ምስጢር ጥያቄዎ ልመለስ። ለጠበቃዎ ፊርማው የእርስዎ መሆኑን፣ በሒሳብዎ ገንዘብ እንዳልነበረም ነግረውታል። ይህን ለማንም ሊናገር አይችልም። የሙያ ምስጢርን መግለጥ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሚያስቀጣ ሲሆን አንቀጹ ጠበቆችን በስም ይጠራል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992ም ሆነ ዛሬ የፌዴራል ጥብቅናን በሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ምስጢር መጠበቅ ከጠበቃ መሠረታዊ ግዴታዎች አንዱ ነው። ውክልናው ቢቋረጥ፣ በክፍያ ብትጣሉ፣ ነገ ሌላ ጠበቃ ብትይዙም ግዴታው ይቀጥላል። እንዲያውም እውነቱን ሳይነግሩት የቀሩት ነገር ካለ ይንገሩት፤ ደንበኛው የደበቀውን ነገር ጠበቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዐቃቤ ሕግ አፍ በችሎት ሲሰማ ሊያደርግ የሚችለው ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

ምስጢር መጠበቅ ማለት ግን ሐሰትን መተባበር ማለት አይደለም። አንድ ጠበቃ ደንበኛው በሐሰት ሊምል ወይም የሐሰት ምስክር ሊያቀርብ እንደቆረጠ ሲያውቅ በመጀመሪያ ሊመልሰው ይገባል፤ መዘዙን በግልጽ ነግሮ፣ ጊዜ ሰጥቶ ሊመክረው ይገባል። ደንበኛው እምቢ ካለ ጠበቃው ከጉዳዩ ይወጣል። ሲወጣም ደንበኛው ሌላ ጠበቃ እንዲያገኝ ጊዜ በመስጠት፣ ቀጠሮውን ባዶ ባለማስቀረትና ምክንያቱን ለፍርድ ቤቱ ሳይዘረዝር ነው። «ደንበኛዬ ሊዋሽ ስለሆነ ወጥቻለሁ» ብሎ ማመልከቻ መጻፍ ምስጢሩን ማውጣት ነውና አይፈቀድም፤ «በሙያዬ ምክንያት መቀጠል አልችልም» ማለቱ ይበቃል። በእርስዎ ጉዳይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ሐሰቱን ያመጣው ጠበቃው ራሱ ነው፤ ስለዚህ መውጣትን ከእርሱ ሳይጠብቁ ውክልናውን መሻር የእርስዎ መብት ነው። የሰጡትን ሰነድ በሙሉ ተቀብለው፣ የተቀበሉትን በዝርዝር ጽፈው ቢፈራረሙ መልካም ነው።

የአበዳሪው ጠበቃ የደወለውን ስልክ በተመለከተ ሁለት ነገሮችን ለይቼ መናገር አለብኝ፤ በዚህ ጉዳይ ሰዎች ወደ ሁለቱም ጫፍ ሲሳሳቱ አያለሁና። ወንጀል ተፈጽሞብኛል የሚል ሰው ለፖሊስ ማመልከት መብቱ ነው፤ ጠበቃውም ይህን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ቢገልጽ በዚህ ብቻ ጥፋት ፈጸመ አይባልም። ዕዳው ይህን ያህል ነው፣ በዚህ ቀን ካልተከፈለ በሕግ ያሉኝን መብቶች እጠቀማለሁ ብሎ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት የተለመደና ተገቢ አሠራር ነው። የፍትሐብሔር ሕጉ አንቀጽ 1708ም የሚለው ይህንኑ ነው፤ በመብቴ እጠቀማለሁ በሚል ማስፈራራት የተደረገ ውል በዚህ ምክንያት አይፈርስም፤ ነገር ግን ማስፈራራቱ ከመጠን ያለፈ ጥቅም ለማግኘት የተደረገ ከሆነ ይፈርሳል። ከ286,000 ብር ገደማ ዕዳ ላይ ተነሥቶ፣ በቼኩ ላይ ከተጻፈው 560,000 ብር እንኳ አልፎ 750,000 ብር መጠየቅ፣ ያንንም በእስር ስጋት ማስፈጸም፣ ሕጉ ከመጠን ያለፈ ጥቅም ያለው ዓይነት ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ስጋት አስቀድመው የፈረሙት አዲስ ስምምነት ካለ ውሉ እንዲፈርስ የመጠየቂያው ጊዜ ማስፈራራቱ ከቀረበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት መሆኑን በአንቀጽ 1810 ይመልከቱ።

ጠበቃው ያጠፋው በገንዘቡ ልክ ብቻ አይደለም። «አሳስርሃለሁ» የሚለው ቃል የሌለውን ሥልጣን ለራሱ መስጠት ነው። የወንጀል ክስ የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ አንቀጽ 693 ደግሞ በግል አቤቱታ ብቻ ከሚያስቀጡት ወንጀሎች ውስጥ አይደለም። ጠበቃው ክሱን ማስጀመር እንደማይችል ሁሉ፣ ገንዘቡ ሲከፈል ክሱን አስነሣለሁ ብሎ ቃል መግባትም አይችልም። የፍትሕን ተቋም የግል ዕዳ መሰብሰቢያ አድርጎ የሚያቀርብ ጠበቃ የራሱን ደንበኛ እንኳ ያሳስታል፤ አበዳሪው ነገ «ገንዘቤን ተቀብያለሁ፣ ክሱ ይቅር» ብሎ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሲሄድ ነገሩ በእርሱ እጅ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ይገባዋል።

ጠያቂያችን በዚህ ተቆጥተው በአጸፋው አበዳሪውን በአራጣ ወንጀል እከስሃለሁ ብለው ለማስፈራራት ማሰባቸውን ከጽሑፋቸው ተረድቻለሁ። አራጣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 የሚያስቀጣ መሆኑ እውነት ነው፤ ከመቶ 40 የሆነ ወለድም ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ማስረጃ ካለዎት ማመልከት መብትዎ ነው። ነገር ግን ማመልከቻውን እንደ መደራደሪያ ይዞ «አንተ ተው፣ እኔም እተዋለሁ» ማለት እርስዎን የጎዳውን አካሄድ መልሶ መያዝ ነው፤ ያልተፈጸመ ነገር ጨምሮ ማመልከት ደግሞ በአንቀጽ 447 የሐሰት ክስ ወንጀል ያስከትላል። ጠበቃዎ እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንዲጽፍልዎት አይጠይቁት፤ ጥሩ ጠበቃ ከሆነም አይጽፍልዎትም።

ይኸው ጠበቃ ቀድሞ የማኅበርዎን ሰነድ ያዘጋጀ መሆኑ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። አንድ ጠበቃ የቀድሞ ደንበኛውን በሚቃወም ጉዳይ ሁሉ መቆም አይችልም ማለት አይደለም፤ እንዲያ ቢሆን በትንሽ ከተማ ጠበቃ ማግኘት ባልተቻለ ነበር። የሚታየው ያን ጊዜ በምስጢር ያገኘው ነገር አሁን ለተቃራኒው ወገን የሚጠቅም መሆን አለመሆኑ ነው። የማኅበሩን መመሥረቻ ጽሑፍ ሲያዘጋጅ ስለ ማኅበሩ ካፒታል፣ በየትኛው ባንክ ሒሳብ እንዳለዎት፣ ከሸሪኮችዎ ጋር ስላለዎት አለመግባባት፣ በማን ስም ምን ንብረት እንደተመዘገበ ነግረውት ከነበረ፣ ይህ ሁሉ ፍርድ በሚፈጸምበት ጊዜ ለአበዳሪው እንደ ካርታ የሚያገለግል መረጃ ነው። እንዲህ ከሆነ ጠበቃው በዚህ ጉዳይ ሊቆም አይገባውም። መጀመሪያ ለእርሱ ለራሱ በደብዳቤ አሳውቀው ከጉዳዩ እንዲወጣ ይጠይቁት፤ እምቢ ካለ ለፍርድ ቤቱ በመጀመሪያው አጋጣሚ አቤት ይበሉ፤ የዲሲፕሊን አቤቱታም ማቅረብ ይችላሉ። ነገር ግን የነገሩት ምስጢር ከሌለና ያዘጋጀው የተለመደ ሰነድ ብቻ ከሆነ ይህን ክርክር ጊዜ ለመግዛት አያንሡት፤ ዳኛው ያን በቀላሉ ያየዋል።

በወንጀሉ ነጻ ብወጣ ዕዳው ይቀርልኛል ወይ ላሉት፣ አይቀርልዎትም። ሁለቱ ችሎቶች የሚጠይቁት የማስረጃ ደረጃ የተለያየ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ወንጀሉን በቂ ጥርጣሬ በማይተው ደረጃ ማስረዳት ሲኖርበት አበዳሪው ግን ከእርስዎ ይልቅ የእርሱ ማስረጃ ሚዛን እንደሚደፋ ካሳየ ይበቃዋል። የፍትሐብሔር ሕጉም ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በደነገገበት ክፍል፣ በአንቀጽ 2149፣ የፍትሐብሔር ዳኛ የወንጀል ችሎት ተከሳሹን ነጻ በማውጣቱ እንደማይታሰር ይናገራል፤ በብድር ዕዳ ላይ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይልቅ ግልጽ ነው፤ ምክንያቱም ዕዳው የሚመነጨው ከብድሩ እንጂ ከወንጀሉ አይደለም። በሌላ በኩል አበዳሪው ከፈለገ ለደረሰበት ጉዳት የካሣ ጥያቄውን በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት በወንጀሉ ክስ ላይ አጣምሮ ማቅረብ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ስለ ወለዱና ስለ ተከፈለው ገንዘብ ያለዎትን ክርክር በዚያው ለማቅረብ ዝግጁ መሆን አለብዎት።

ለመርማሪው የሚሰጥ ነገር ያስፈልጋል ተብለው እንደሆነ ጽፈዋል። ለዚህ ረጅም ምላሽ አያስፈልግም። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሰጪውም ተቀባዩም አቀባዩም ይጠየቃሉ፤ ይህን የጠየቀዎት ሰው ጠበቃም ይሁን ጉዳይ ገዳይ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊለዩት የሚገባ ሰው ነው።

እርቅን በተመለከተ፣ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከክርክሩ በፊት እሞክረዋለሁ። በፍትሐብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 3307 ጀምሮ ያለው የግልግል ስምምነት፣ ማለትም ባለጉዳዮቹ ጠባቸውን ራሳቸው የሚቋጩበት ውል፣ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የሚፈርሙትን እያንዳንዱን ቃል ያንብቡ። ድርድሩን በጽሑፍ ያድርጉት፤ በስልክ የሚሰጥ መልስ አይስጡ። የአበዳሪው ጠበቃ ለመታረቅና ገንዘብ ለመቀበል ልዩ ሥልጣን ያለው መሆኑን በሰነዶች ማረጋገጫ ከተመዘገበው ውክልና ላይ ይዩ፤ በአንቀጽ 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ለመታረቅ አይበቃም። የራስዎ ውክልና ላይም «ለመታረቅ» የሚለው ቃል ካለና ጠበቃዎ ያለ እርስዎ ፈቃድ እንዲስማማ ካልፈለጉ ያስወግዱት። ክፍያውን በባንክ ብቻ ይፈጽሙ፤ በዚያው ቀን ቼኩን በእጅዎ ይቀበሉ፤ በስምምነቱ ላይ የዋናው ብድር መጠን፣ የወለዱ መጠን፣ ከዚህ በፊት በባንክ የተከፈለው 150,000 ብር በቁጥርና በፊደል ይጻፍ። «የወንጀል ክሱ ይነሣል» የሚል ቃል ግን እንዲገባ አይፍቀዱ፤ ሊፈጸም የማይችል ቃል ከመሆኑም በላይ ስምምነቱን ሁሉ ለክርክር ያጋልጠዋል። በምትኩ አበዳሪው ገንዘቡን መቀበሉን ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ እንደሚያሳውቅ ብቻ ይስፈር። ዐቃቤ ሕግ በዚያ ላይ ተመርኩዞ የሚወስነው የእርሱ ነው፤ ክሱ ቢቀጥል እንኳ ጉዳቱን አስቀድሞ መካስ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣትን ከሚያቀልሉ ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ የስምምነቱን ቅጂና የባንኩን ደረሰኝ በወንጀሉ መዝገብ እንዲያያዙ ጠበቃዎን ይጠይቁ።